ለእህቴ ላፕቶፕ፦ አዲስና ደካማ ወይስ ያገለገለና ጠንካራ?

ሐይቅ ዳር፣ ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከሐይቅ ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምህንድስና ደርሷታል። "ዲፓርትመንት ከገባሽ ላፕቶፕ በኔ" ብዬ ነበር። ገባች። አሁን ማምለጫ የለኝም።

በእጄ 45 ሺህ ብር አለ። ከዚያ በላይ ካላችሁኝ ጥጃ ልሸጥ ነው።

ትናንት ደሴ ወጥቼ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። አንደኛው አዲስ የታሸገ አሳየኝ። ቀጭን ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሲይዙት ያሳሳል። ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን፣ 4 ጊጋ ራም፣ ማከማቻው 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ ይላል። ሁለተኛው ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥጉ የተላጠ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5፣ 8ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ማከማቻው 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ሦስተኛው ደግሞ "ይሄ አይ7 ነው፣ አይ5ን ይበልጠዋል" ብሎ ሌላ ያገለገለ አወጣልኝ። ዋጋው ከሁለተኛው ያንሳል። ትውልዱን ስጠይቀው "አይ7 ትውልድ አይጠየቅም" አለኝ።

እናቴ አዲሱን ግዛላት ትላለች። የሰው እጅ የነካው ዕቃ በረካ የለውም ባይ ናት። እናንተስ?

የጦሳ ልጅ፣ ኅዳር 6፣ 2፡58

"አይ7 ትውልድ አይጠየቅም"! ወላሂ ይሄን አስጽፌ ግድግዳዬ ላይ ነው የምሰቅለው።

ወንድሜ፣ ይጠየቃል። ላፕቶፑን አስከፍተህ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም አንብብ። አይ5-8250ዩ ካለ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው 8 ትውልዱ ናት። አይ7-4600ዩ ካለ 4ኛ ትውልድ ነው። (ከ10ኛ ወዲህ ያሉት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ነው የምታነበው።) ያ የ4ኛው አይ7 ያለው 2 ኮር (የማስሊያ ክፍል) ነው። የ8ኛው አይ5 4 ኮር አለው። ስሙ ትልቅ፣ ጉልበቱ ግማሽ። ሻጩ ዋጋ የቀነሰልህ አንጀቱ ራርቶልህ አይደለም።

ሌላም አለ። 4ኛ ትውልድ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበልም። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል የሚደግፈው በጥቅሉ ከ8ኛ ወዲህ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4፣ 2018 አልቋል። በልዩ ምዝገባ የደህንነት ማሻሻያ ለአንድ ዓመት ይራዘማል፤ እሱም ጥቅምት 2019 ላይ ያከትማል። ልጅቷ ገና ሳትመረቅ ማለት ነው።

ባቲ ሰኞ፣ ኅዳር 6፣ 3፡10

እኔ ከእናትህ ጎን ነኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ገበያ ላይ ግመል እንደመግዛት ነው። ጥርሱን ማየት ካላወቅክ ዕድሜውን የሚነግርህ ሻጩ ነው። አዲሱ ዋስትና አለው። ባትሪው አዲስ ነው። ቀላል ነው። ልጅቷ እኮ ከዶርም ክፍል፣ ከክፍል ዶርም ተሸክማው ነው የምትውለው።

ደግሞ ተማሪ ምን ይሠራበታል? ዎርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ማታ ማታ ፊልም።

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 6፣ 3፡31

ባቲ ሰኞ ደግ አልክ። ላፕቶፕም ጥርስ አለው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አዲሱ። ይሄ ዓይነቱ የሥራ ጠረጴዛዬን የማይለቅ በሽተኛ ነው። ያ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አይነቀልም፣ አይተካም። ዊንዶውስ 11 ገና ሲጫን ሃያ ምናምን ጊጋ ይይዛል። አፕዴት ሲመጣ ደግሞ ቦታ ይለምናል። ዓመት ሳይሞላ "ዲስኩ ሞልቷል" ይላታል፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ፎቶ ማጥፋት ነው። 4 ጊጋው ራምም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ የተበየደ ነው። ለአውቶካድ (የንድፍ መሥሪያው ፕሮግራም) ዝቅተኛው ተብሎ የተጻፈው 8 ጊጋ ራም ነው። ሲቪል ተማሪ ከአውቶካድ የት ታመልጣለች? ዎርድና ፊልም የአንደኛ ዓመት ወሬ ነው።

ቲ480 የራም ማስገቢያው ሁለት ነው። ዛሬ 8፣ ነገ 16 ታደርገዋለህ። ኤስኤስዲውንም ካቻቢቴ የያዘ ሰው ይቀይረዋል። እኔ ላፕቶፕ የምመርጠው ሲበላሽ እንዴት እንደሚፈታ አይቼ ነው። መበላሸቱማ አይቀርም።

ሐይቅ ዳር፣ ኅዳር 6፣ 3፡36

ጥርሱስ? ጥርሱን ንገረኝ እንጂ ጋሼ። ቅዳሜ ተመልሼ ልወጣ ነው።

ሰኞ ገበያ፣ ኅዳር 6፣ 3፡44

ለምን ትደክማላችሁ። ጥሩ ስልክ ግዛላት። አሁን እኮ 16 ጊጋ ራም ያለው ስልክ በዚያ ብር ይገኛል።

የጦሳ ልጅ፣ ኅዳር 6፣ 3፡49

16 ወይስ 8+8? ካርቶኑን ገልብጠህ አንብበው። ሁለተኛዋ 8 ራም አይደለችም። ከስልኩ ማከማቻ ላይ ተቆርሳ እንደ ራም የምታገለግል ናት፤ ፍጥነቷ ከራም በጣም ይርቃል። ጎረቤት ቤት ያለህን አልጋ ቆጥረህ "ቤቴ ሰፊ ነው" እንደማለት ነው።

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 7፣ ከጠዋቱ 1፡20

እሺ ሐይቅ ዳር። ማታ እንቅልፍ ጣለኝ። ቡናዬን ይዤ ልንገርህ።

ሱቁ ስትገባ ቻርጀሩን አስነቅል። ሻጩ "እንደተሰካ ይቆይ" ካለህ ያኔውኑ ጠርጥር። በባትሪ ብቻ አስነሳው። ሲነሳ ኤፍ1ን ተጭነህ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ ቅንብር) ውስጥ ግባ። ፓስወርድ ከጠየቀህ ዕቃውን አስቀምጠህ ውጣ። እነዚህ ላፕቶፖች ባብዛኛው ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ናቸው። የቲንክፓድ የባዮስ ቁልፍ ደግሞ ባትሪ በመንቀል የሚጠፋ ዓይነት አይደለም። "በኋላ እንከፍትልሃለን" የሚል ሻጭ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ዊንዶውስ ሲገባ በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት የባትሪ ሪፖርት ታወጣለህ። ትዕዛዙን ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ ስልክህ ላይ ጽፈህ ሂድ። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታያለህ፦ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው። የመጀመሪያው 24 ሺህ፣ ሁለተኛው 13 ሺህ ከሆነ ግማሹን ሊያጣ ምንም አልቀረው። ይሄን ቁጥር ይዘህ ዋጋ ተከራከር። ሻጩ ቁጥር ሲያይ ድምፁ ይለዝባል። ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለቱንም ለየብቻ እይ።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። የኤስኤስዲውን ጤና በመቶኛ ይነግርሃል፤ ስንት ሰዓት እንደሠራም። ከዚያ ኖትፓድ ከፍተህ ሁሉንም ፊደል አንድ በአንድ ምታ። የማትሠራ ፊደል ሁሌም የምትገኘው ቤት ከደረስክ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ቻርጀሩን ሁለቱም የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳዎች ላይ ተራ በተራ ሰክተህ እይ። በዚያ ዘመን በወጡ ቲንክፓዶች ላይ ያለው ተንደርቦልት (የፈጣኑ ዩኤስቢ-ሲ ክፍል) የታወቀ የፈርምዌር (የዕቃው ውስጣዊ ፕሮግራም) ችግር ነበረበት። ሳይታደስ ከቆየ ቀዳዳው ይሞታል፣ ቻርጅም እምቢ ይላል። አምራቹ ማስተካከያ አውጥቶለታል። ከሠራ፣ ገዝተህ ቤት እንደገባህ መጀመሪያ የምታደርገው እሱን ማደስ ነው። ካልሠራ አትግዛ።

ባቲ ሰኞ፣ ኅዳር 7፣ 2፡05

ይሄ ሁሉ ጥርስ ካለውማ ግመል ሳይሆን አዞ ነው 😂

ወልድያ ማዞሪያ፣ ኅዳር 7፣ 6፡30

እኔ የምጨምረው ስለ ባትሪ ብቻ ነው። በ2014 ወልድያ ወራት ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ ነበርን። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራም። ከዚያ ወዲህ ግን ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው "ተነቅሎ ስንት ሰዓት ይቆያል?" ነው። ፕሮሰሰሩን ሁለተኛ ነው የምጠይቀው።

ቲ480ን የወደድኩት ለዚህ ነው። አንዱ ባትሪ ውስጥ ነው፣ 24 ዋት-ሰዓት። ሌላው ከኋላ ነው፣ እንደ ድሮ ስልክ ባትሪ ይነቀላል። የኋላውን ስትነቅለው ላፕቶፑ በውስጠኛው ይቀጥላል፤ አይጠፋም። ትርፍ ባትሪ ካለህ ትቀይራለህ፣ ሥራህ ሳይቋረጥ። ትልቁ የኋላ ባትሪ 72 ዋት-ሰዓት ነው። ቀለል ያለ ጽሑፍ ስሠራ ላፕቶፑ 8 ወይ 9 ዋት ቢወስድ ነው። አንተው አስላው።

አንድ ነገር ግን፦ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሲመለስ ነው ጉዱ። ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ይመጣና ቻርጀር ይበላል። አምስት ደቂቃ ታግሳችሁ ስኩ። እኔ ይሄን የተማርኩት ሁለት ቻርጀር ቀብሬ ነው።

ቧንቧ ውሃ ጽሕፈት፣ ኅዳር 7፣ ከሰዓት 9፡15

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንጽፋለን። ዴስክቶፕ ነው የምንጠቀመው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚደግፍ ባትሪ) ገዝተን ነበር፣ ዓመት ተኩል ሳይሞላው መብራት እልም ሲል አብሮ እልም ይላል። ዕቃው ነው ወይስ እኛ ነን?

ሌላው ደግሞ፣ ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ፋይሎች አሉኝ። ደንበኛ መጥቶ "የአባቴን ኑዛዜ አውጣልኝ" ይላል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ባዶ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ልጄ "ቫይረስ ነው" ብሎ ሊያጠፋው ሲል ነው የደረስኩበት።

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 7፣ 10፡02

ጋሼ እንኳን ደረሱበት! አያጥፉት!

ስለ ዩፒኤሱ ልመልስልዎ፣ ስለ ፋይሉ የጦሳ ልጅ ይሻላል። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ በቀላሉ 100 ዋት ይወስዳል። ባትሪው በአንዴ ሲጨመቅ ደግሞ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ስለዚህ አዲስ ሆኖም ቢሆን የሚሰጥዎ ፋይል አስቀምጦ የመዝጊያ ደቂቃዎች ናቸው። ሥራ ሊሠራበት አይደለም።

ቶሎ የሞተው ደግሞ ባዶውን ቆይቶ ነው። ይሄ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ባዶውን ማደር አይወድም፤ ውስጡ ይጠነክራል። መብራት ሄዶ እስኪጮህ ተጠቅመውበት፣ መብራቱ ሁለት ቀን ካልመጣ፣ ሁለት ቀን ባዶውን አደረ ማለት ነው። ገና ሲጮህ ይዝጉት። ባትሪው ብቻውን ይቀየራል፤ ሙሉ ዩፒኤስ እንዳይገዙ።

የጦሳ ልጅ፣ ኅዳር 7፣ 10፡40

ጋሼ፣ ቫይረስ አይደለም። እኔ እንዲያውም ይሄን ታሪክ ስለምወደው ትንሽ ላስረዝም።

ድሮ ኮምፒውተር የኛን ፊደል አያውቅም ነበር። የዚያን ጊዜ ብልሆች ምን አደረጉ? በእንግሊዝኛው ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የተሳለበት ፎንት ሠሩ። እርስዎ ስክሪኑ ላይ ያዩት "ኑዛዜ" ነው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጡት ግን የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። ፎንቱ ልብስ ነው፤ ልብሱ ሲወልቅ ከስር ያለው ታየ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በኋላ ሀ የራሷ ቁጥር አላት፤ የትኛውም ፎንት ቢቀየር ሀ ናት። ዊንዶውስ ከነኒያላ ፎንቱ የመጣው ግን ከቪስታ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቶቻችን ለረጅም ዓመታት በድሮው መንገድ ቀጠሉ።

መፍትሔው፦ ያን ጊዜ የተጠቀሙበትን ያንኑ ፎንት ፈልገው አዲሱ ላይ ይጫኑት። አሮጌው ኮምፒውተር ካለ ከሱ የፎንት ማኅደር መቅዳት ይቻላል። ፋይሉ ያለበሱትን ልብስ ሲያገኝ ይነበባል። ያኔ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡት። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ግን ቁጥርና አራት ነጥብ ላይ ስለሚሳሳቱ ኑዛዜ ከሆነ በዓይን ማመሳከር ግድ ነው። በስህተት አንድ ዜሮ ቢጨመር ወንድማማች ይጣላል።

ከዛሬ ጀምሮ ለሚጽፉት ኪማን የሚባለውን ይጫኑ። ነፃ ነው፣ የሚጽፈውም በዩኒኮድ ነው።

ቧንቧ ውሃ ጽሕፈት፣ ኅዳር 7፣ 11፡30

እግዜር ይስጥህ ልጄ። አሮጌው ኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ በርበሬ ተጭኖበታል። ዛሬውኑ አወርደዋለሁ።

ጉጉፍቱ ብርድ፣ ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ኤስኤስዲ ማንም ያልተናገረውን ልናገር። ሁላችሁም ፍጥነቱን ነው የምታወሩት። እኛ አገር ሌላ ምክንያት አለ።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የሚያነበው ራስ ሳህኑን አይነካም፤ የሚንሳፈፈው ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ የአየር ትራስ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው የአብዛኞቹ ወረቀት ላይ ሲሠሩ እስከ 3,048 ሜትር የሚል የተጻፈው። በፈረንጅ ልክ 10 ሺህ ጫማ። ደሴ 2,500 አካባቢ ነው፣ ችግር የለም። እኛ ጉጉፍቱ ግን ከ3,000 በላይ ነን። ወሰኑ ላይ ቆመን ነው የምንሠራው። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም። ጋራ ላይ ብታወጣው ግድ አይሰጠው።

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 8፣ 3፡25

እውነት ነው። ግን ደጋ ላይ ያለው ዲስክ ከአየሩ ይልቅ የሚሞተው ሚኒባስ ላይ ሳይዘጋ ሲንገጫገጭ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ እኔ ነኝ የማውቃት፤ ስንቱን ዲስክ አመጣችልኝ።

የጦሳ ልጅ፣ ኅዳር 8፣ 3፡40

ሙቀቱም አለ እንጂ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ የሚያሽከረክረው ያንኑ መጠን ነው፣ ግን የሚያልፈው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ አቧራ የያዘ ፋን ደሴ ላይ ቶሎ ይጮኻል።

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 8፣ 3፡52

እናንተ ብርዱ ይክሳችኋል! ጦሳ ስር ቁጭ ብለህ ጋቢ ለብሰህ ስለ ሙቀት ታወራለህ። ና ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ። ልጅቷ የምትማረው እዚህ ነው። ሐይቅ ዳር፣ ለልጅቷ ከመስጠትህ በፊት ፋኑን አስጠርገህ የፕሮሰሰሩን ፓስታ አስቀይር። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አድርጋ እንዳትሠራ ንገራት። የአየር መግቢያው ከስር ነው።

ሰኞ ገበያ፣ ኅዳር 8፣ 4፡10

የፕሮሰሰሩን ምን???

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 8፣ 4፡12

መኮረኒ አይደለም ወንድሜ። ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው።

ሚንት ነው፣ ኅዳር 8፣ ማታ 1፡50

ዊንዶውስ ለምን? ሊኑክስ ሚንት ጫኑላት። ነፃ ነው፣ 4ኛ ትውልዱም ላይ ይሮጣል፣ ክራክ ፍለጋ የለ፣ የፍላሽ ቫይረስ አይነካው። ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል። የአማርኛ ኪቦርድም አለው። እኔ ከሦስት ዓመት በላይ ሆነኝ፣ ወደኋላ አላየሁም።

የጦሳ ልጅ፣ ኅዳር 8፣ 2፡05

ሚንትን እወደዋለሁ። ግን አውቶካድ ለሊኑክስ አይሠራም። ኢታብስም (የሕንፃ ማስሊያው ፕሮግራም) እንዲሁ። መምህሩ "ፋይሉን አምጪ" ሲላት ሚንት ሻይ ልታቀርብለት ነው? ለጋሼ ጽሕፈት ቤት ብትል ኖሮ ከጎንህ ነበርኩ።

አወያይ፣ ኅዳር 8፣ 2፡30

የዊንዶውስና የሊኑክስ ጠብ ሌላ ክር ይከፈትለት። የዛሬ ዓመት የተጀመረውም ገና አላለቀም።

ሐይቅ ዳር፣ ኅዳር 13፣ ማታ 3፡00

ገዛሁ! ቲ480ውን። አብሽሩ፣ ሁሉንም ጥርሱን አየሁ።

ሻጩ መጀመሪያ ሳቀብኝ። የባትሪውን ሪፖርት ሳወጣ መሳቁን ተወ። የውስጠኛው 24 የነበረው 19 ይይዛል። የኋላው ግን ከግማሽ በታች ነው። እሱን አሳይቼ ትንሽ ብር አስቀነስኩ፤ በሱም ፋኑን አስጠረግኩ። ፓስታውም ተቀየረ። ቀዳዳዎቹ ሁለቱም ይሠራሉ። ፈርምዌሩን ማታውኑ አደስኩ።

አንድ ነገር ግን ተበላሁ መሰለኝ። ኤስኤስዲው 256 ነው ተብዬ ዊንዶውስ የሚያሳየኝ 238 ነው። 18 ጊጋ የት ገባ?

የጦሳ ልጅ፣ ኅዳር 13፣ 3፡08

አልተበላህም። አምራቹ ጊጋ የሚለው 1,000 ሜጋውን ነው። ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያካፈለ ነው የሚቆጥረው። ያው ጤፍ በሁለት ቁና ሲሰፈር ማለት ነው። 512ም ብትገዛ 476 ነው የሚልህ።

የምትበላው እንዲያውም ልክ 2 ቴራ የሚል ርካሽ ፍላሽ ስትገዛ ነው። እሱ ሲከፈት 2 ቴራ ይላል፣ ሲሞላ ግን የመጨረሻው ፋይል የመጀመሪያውን ይውጠዋል።

ባቲ ሰኞ፣ ኅዳር 13፣ 3፡15

መርሐባ፣ ተሸነፍኩ። እናትህስ ምን አሉ?

ሐይቅ ዳር፣ ኅዳር 13፣ 3፡21

"ይሄን ጡብ ነው በዚያ ብር የገዛኸው?" አለች። ከዚያ ዱዓ አደረገችለት። ላፕቶፑ ላይ።

እህት ናት፣ ኅዳር 24፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የላፕቶፑ ባለቤት እኔ ነኝ። ወንድሜ ይሄን ክር ልኮልኝ አንብቤ ጨረስኩት። ስለ ጥርሱ ይህን ያህል ተጨንቃችሁ ስለኔ አንድ ሰው አልጠየቀም 😄

ሦስት ዜና አለኝ። አንደኛ፣ እሁድ ዶርም ውስጥ ቡና አፍልተን ቶናው ላይ ጓደኛዬ ሲኒዋን ኪቦርዱ ላይ ደፋችው። ጮኽኩ። ወዲያው ዘግቼ ባትሪውን ነቅዬ ገለበጥኩት። ከስር ባሉት ቀዳዳዎች ፈሰሰ። ሁለት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። ተነሳ! "ሸ" ግን ትጣበቃለች።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሼን ሰክቼ ስመለስ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ምንም አይከፈትም። አሳይመንቱ ረቡዕ ነው።

ሦስተኛ፣ የሆትስፖት ዳታዬን በአንድ ሌሊት ምን እንደበላው አላውቅም።

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 24፣ 2፡31

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ወዲያው ዘግተሽ መገልበጥሽ ነው ያዳነሽ። ቡናው ስኳር ካለበት "ሸ" የተጣበቀችው በሱ ነው። ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፣ ኪቦርዱን አጸዳልሻለሁ፤ ለዚህ ብር አልቀበልም።

ፋይሎችሽ አልጠፉም። ቫይረሱ ደብቋቸው በስማቸው ሐሰተኛ ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቱን እንዳትነኪው፤ እሱን ስትከፍቺ ነው ወደ ላፕቶፑ የሚገባው። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ፈትሺው። ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሪ። አሁንም ካልታዩ ይዘሽው ነይ፣ የስርዓት ፋይል አስመስሎ ደብቋቸው ይሆናል። ሲወጡ ወደ ላፕቶፕሽ ቅጂና ፍላሹን ፎርማት አድርጊው። ከዚህ በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትወስጂው ፍላሽ ለሱ ብቻ የሚሆን ይሁን፣ ውስጡም ከምታሳትሚው ፒዲኤፍ በቀር ሌላ አይኑር።

የጦሳ ልጅ፣ ኅዳር 24፣ 2፡40

ዳታሽን የበላው ዊንዶውስ ነው፤ አፕዴት። ዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ የስልክሽን ሆትስፖት "ሜተርድ" አድርጊው። ያኔ አብዛኛውን አፕዴት ሳያስፈቅድሽ አያወርድም። ግቢው ውስጥ ዋይፋይ ስታገኚ ግን አፕዴቱን አውርጂ፤ ጭራሽ አትዝጊው።

እህት ናት፣ ኅዳር 24፣ 2፡55

ፋይሎቹ ወጡ!!! ሁሉም!!! ጋሼ እግዜር ይስጥዎ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አውቶካድና ክሮም አንድ ላይ ስከፍት ይንተፋተፋል። ራሙን 16 ባደርገውስ?

ኮምቦልቻ ጥገና፣ ኅዳር 24፣ 3፡02

አድርጊው። ያለው 8 በአንዱ ማስገቢያ ነው፣ ሌላው ባዶ ነው፤ ወንድምሽ ፋኑን ሲያስጠርግ የላከልኝ ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። ዲዲአር4 የላፕቶፕ ራም፣ ባለ 8 አንድ ፍሬ ይበቃል። ሁለቱ ማስገቢያዎች ሲሞሉ ግራፊክሱም ይፈጥናል፤ የራሱ ራም ስለሌለው ከዚሁ ነው የሚበደረው።

እህት ናት፣ ኅዳር 24፣ 3፡04

ወንድም ጋሼ አነበብክ አይደል?

ሐይቅ ዳር፣ ኅዳር 24፣ 3፡20

ጥጃዋን ተዉልኝ።